ሳሙናው ውስጥ ያለው ሞራ

ጥቅምት 6

ውዷ ልጄ፣

ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ጤና ይጠይቃል፤ እኔ ግን ይቅርታ ልጠይቅ። ሁለት ደብዳቤሽ ደርሶኝ አንዱንም ሳልመልስ ሦስት ሳምንት አለፈ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ እኔም አላፍርበትም። ስልክ ደውይ ትይኛለሽ። ስልክ ላይ «ደህና ነኝ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ላይ ግን እንደምታውቂው አፌ አያርፍም።

ለክፍልሽ ምሳሌ ፈልጊልኝ ያልሽውን አስቤበታለሁ። መልኩ ተለውጦ ያው የሆነ፣ መልኩ ተለውጦ ደግሞ ሌላ የሆነ፣ አይደል ያልሽው? የመጀመሪያው ቀላል ነው። በረዶ ይቀልጣል፣ ውሃ ይሆናል፤ ድሮም ውሃ ነበር። ሻማ ቀልጦ ጠረጴዛ ላይ ይፈስና ይረጋል፤ ፍቀሽ ብታነሺው ያው ሰም ነው። ስኳሩ ሻይ ውስጥ ጠፋ ቢሉሽ አትመኚያቸው፣ ቅመሺው።

ሁለተኛውን ግን ከእናትሽ በላይ ማን ያውቀዋል? እንጨት ነድዶ አመድ ይሆናል። አመዱን ውሃ አፍስሼበት አጠለዋለሁ። ያንን የአመድ ውሃ ከሞራ ጋር ድስት ውስጥ አድርጌ ሳማስል እውላለሁ። ሲመሽ ድስቱ ውስጥ ሞራም የለም፣ የአመድ ውሃም የለም፤ ያለው ሳሙና ነው። ሞራው ብቻውን እጅሽን ያቆሽሻል። የአመድ ውሃው ብቻውን እጅሽን ይልጣል። ሁለቱ ሲጋቡ እጅሽን ያጥባሉ። ለተማሪዎችሽ ይህን ንገሪያቸው፤ ከሳሙና ሠሪ እናቴ ነው የሰማሁት በያቸው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ታዲያ ሲሳካ ነው። ከጓሮ አጥራችን ወዲያ ሱቅ የከፈቱት አናጢ ፍቅፋቂያቸውን ለአመድ ይሰጡኛል ብዬሽ ነበር። ባለፈው ሳምንት እኔ እንዳልደክም ብለው ራሳቸው አቃጥለው አመዱን በጆንያ ተሸክመው መጡ። ቸርነታቸው ነው፤ አመሰገንኩ። ያቃጠሉት ግን ቫርኒሽ የጠገበ የድሮ በር ኖሯል! እኔ የት አውቄ። ሁለት ቀን ሙሉ ባማስል ባማስል አልረጋ አለ። የወጣው ጥቁር ጭቃ ነው፤ በዚያ ልብስ ብታጥቢ ሸሚዝሽ በር በር ይሸታል። ጮህኩባቸው። እሳቸው ግን ድስቱን ተሸክመው ወጡና አጥበው መለሱት። በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍት ማማሰያውን ለመያዝ ደጃፍ ቆመው ጠበቁኝ።

ስለ አባትሽ ሳሙናዎች ጠይቀሻል። መደርደሪያው እንዳለ ነው፤ ከበሩ በላይ፣ አባትሽ እንደሰቀለው።

ብርድ ልብሱን ድረቢ። ቀጭን ነኝ ብለሽ በቀጭን ልብስ አትተኚ።

እናትሽ

ጥቅምት 24

እማዬ፣

ሦስት ሳምንት ያስኮረፈኝን በሦስት ገጽ አስረሳሽኝ። ደብዳቤሽን የመምህራን ክፍል ውስጥ ሳነብ የሸሚዙ ነገር ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ፤ የሂሳብ አስተማሪው ቀና ብሎ አየኝ።

የሳሙናው ምሳሌ ክፍሉን አናወጠው። ሃምሳ አንድ ተማሪ አሉኝ፤ አንዷ አፏን ስለማትዘጋ «ጠያቂዋ» ብዬ ስም አውጥቼላታለሁ። ሕጉን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ ቅርጹ፣ መጠኑ ወይም ጥጥርነቱ ብቻ ከተለወጠ አካላዊ ለውጥ ነው፤ ነገሩ ያው ነው። አዲስ ነገር ከተፈጠረ ደግሞ ኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ ወደ ነበረበት በቀላሉ አይመለስም። ጠያቂዋ ተነስታ፣ «የተቀደደ ደብተር ደብተር ነው፤ የተቃጠለ ደብተር ግን ሰበብ ነው» አለች። የቤት ሥራ ያልሠራችበት ቀን ነበር። ልቆጣት ፈልጌ አልሆነልኝም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ አናጢውን ስንት ጊዜ እንዳነሳሽ ታውቂያለሽ? እኔ ቆጥሬዋለሁ፤ አልነግርሽም። ክረምቱን ለሥልጠና እዚህ ቀርቼ ቤት ስላልመጣሁ ሰውዬውን አላውቃቸውም። ማን ናቸው?

የሳሙናዎቹን ነገር ደግሜ ስጠይቅሽ ይቅርታ። «መደርደሪያው እንዳለ ነው» ብለሻል። እኔ የጠየቅሁሽ መደርደሪያውን አይደለም። አባዬ በመጨረሻው ሳምንቱ የቆረጣቸው አሥራ ሁለቱ አሉ ወይ? ስድስት ዓመት ሙሉ አንዱንም ያልነካነው የእጁ አሻራ ስላለባቸው ነው። እዚህ ሆኜ ቤት ሲናፍቀኝ በመጀመሪያ የሚታየኝ እነሱ ናቸው። ሞኝ ነኝ፣ አውቃለሁ።

ልጅሽ

ኅዳር 15

የኔ ዓለም፣

ማን ናቸው ያልሽው ጥያቄ አሥር ቀን አስቀመጠኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ ያንቺ ተማሪ እንዳለችው ሰበብ ይሁን ደብተር እንጃ።

እንግዲህ ሚስቱ ከሞተችበት ብዙ ዓመት የሆነው፣ ልጅ ያልወለደ፣ ከእኔ በሁለት ዓመት የሚበልጥ ሰው ነው። ጆሮው ላይ ሁልጊዜ እርሳስ አለ፤ ፊቱን ሲታጠብም አያወርደውም። ብዙ አይናገርም። መጀመሪያ ኩሩ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳየው ቃል የሚያወጣው እንደ ሚስማር እየቆጠበ ነው። ያን አመድ ካበላሸብኝ ወዲህ በየቀኑ ይመጣል። ድስቱን እናማስላለን። ሊደርስ ሲል በቢላዋ ጫፍ ቆንጥሬ ምላሴ ላይ አደርጋለሁ፤ ከቆነጠጠኝ ገና ነው፣ ካልቆነጠጠኝ ደርሷል። አባትሽ እንዳስተማረኝ። እሱም ልሞክር ብሎ ምላሱን ተቃጠለና ሁለት ቀን ጭራሽ ዝም አለ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፤ ዙሪያውን ስዞር ወረቀቱ ሊያልቅ ነው። ባለፈው ሐሙስ ሳሙና እየቆረጥን እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፣ መልሶ ሰካው፣ እንደገና አወረደው። «ብቻዬን መብላት ሰለቸኝ» አለኝ። እኔ ጅሏ ራበው ብዬ ሳህን ላመጣ ተነሳሁ። «ቁጭ በይ፤ አንቺም ብቻሽን አትብዪ ማለቴ ነው» አለ። ተቀመጥኩ።

«ልጄን ሳልጠይቅ አንድ ቃል አይወጣኝም» አልኩት። «እጠብቃለሁ» አለ። ስለዚህ እየጠየቅሁሽ ነው። ካልወደድሽው አይሆንም። ይህን የምለው ላስጨንቅሽ ብዬ አይደለም። ከአባትሽ በኋላ በዚህ ምድር ላይ ያለሽኝ አንቺ ስለሆንሽ ነው።

ሌላ የምነግርሽ ነገር አለ፤ እሱን ግን ለዕረፍት ስትመጪ ፊት ለፊት ይሻላል።

እናትሽ

ታኅሣሥ 8

እማዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እኔ ደህና ነኝ፤ ፈተና እያዘጋጀሁ ነው።

የጻፍሽልኝን አንብቤዋለሁ። አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፤ በራስሽ ሕይወት የእኔ ፈቃድ የሚያስፈልግሽ አይመስለኝም። ጥቅምት ላይ «እሳቸው» የነበሩት ሰው ኅዳር ላይ «እሱ» ሆነዋል። ይህ የትኛው ዓይነት ለውጥ እንደሆነ ተማሪዎቼን ብጠይቃቸው ሳይመልሱልኝ አይቀሩም።

ጥር መጨረሻ ላይ እመጣለሁ። እስከዚያ ምንም ነገር አትለውጪ፤ እባክሽ።

ልጅሽ

የካቲት 5

ልጄ፣

በንጋት አውቶቡስ ቁርስ እንኳ ሳትቀምሺ ሄድሽ። የተነሳሽበትን አልጋ ዛሬም አላነጠፍኩትም። አንጥፌው ባዶ ሆኖ ከማየው እንደተበተነ ይሻለኛል።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህን ቤት ውስጥም ብዬሽ ነበር፤ በሩን ዘግተሽ ስለነበር ሰምተሽው እንደሆነ አላውቅም። ውሸቴን በውሸት ሳልሸፍን ልጻፈው። አሥራ ሁለቱ ሳሙናዎች አንቺ ጥቅምት ላይ ስትጠይቂኝ የሉም ነበር። መደርደሪያው አለ ብዬ ያድበሰበስኩት ለዚያ ነው።

ክረምቱ ላይ ከበሩ በላይ ያለው ግድግዳ ውሃ አስገባ። እኔ ታች ሆኜ አላየሁትም። አንድ ቀን ሽታው መራኝና ወንበር ላይ ወጥቼ ሳያቸው ላብ ላብ ብሏቸዋል፤ ቢጫ ነጠብጣብ ጣል ጣል አድርጎባቸዋል፤ ሁለቱን አይጥ በልታቸዋለች። አይጥ ሞራ ያለበት ነገር አይታ እንደማታልፍ ታውቂያለሽ። አለቀስኩ። ከዚያ ዕንባዬን ጠርጌ የማውቀውን አደረግሁ። ነጠብጣቡን ፍቄ፣ ደህናውን ፈቅፍቄ፣ በጥቂት ውሃ ለስላሳ እሳት ላይ አቀለጥኩት። አናጢው ያን ጊዜ የሠራልኝ አዲስ የእንጨት ሳጥን ነበር፤ እሱ ውስጥ ገለበጥኩት። ስምንት ሆኖ ወጣ። የአባትሽ የእጅ አሻራ ጠፍቷል፤ ይህን አልክድም።

ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። በየደብዳቤው ልጽፈው ብዬ በየደብዳቤው ፈራሁ። አንቺም ባዶውን መደርደሪያ፣ ጓዳ ያሉትንም ስምንቱን ከነሳጥናቸው አይተሽ «አባቴን አቅልጠሽ በሰው ሳጥን አፈሰስሽው» አልሽኝ። ልጄ፣ በስድሳ ዓመቴ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ነገር ከአንቺ አፍ እሰማለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። ቢሆንም አልተቀየምኩሽም። የተናገርሽው ስለጎዳሽ ነው።

ሌላውንም ላሳውቅሽ። አናጢውን «ነገሩ ይቅር» ብዬዋለሁ። አንቺ በሄድሽበት ቀን ሱቁ ድረስ ሄጄ ነገርኩት። መላጊያውን አስቀመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «ገብቶኛል» አለ። ከዚያ ወዲህ ቤት አይመጣም። አመዱ ግን በየሳምንቱ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፤ ተነፍቶ፣ ሚስማር የሚባል የለበት።

አይዞሽ፤ እኔ ደህና ነኝ። ትምህርትሽ ላይ አተኩሪ። ደብዳቤ ለመጻፍ ከከበደሽ ባዶ ወረቀት በፖስታ ላኪልኝ፤ በሕይወት እንዳለሽ ማወቁ ይበቃኛል።

እናትሽ

የካቲት 27

እማዬ፣

ባዶ ወረቀት ልልክልሽ ሁለት ጊዜ አስቤ ነበር። ዛሬ ግን የማርመውን ፈተና ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ስሚኝማ። ታኅሣሥ ላይ ያወጣሁት ፈተና ጥያቄ ቁጥር ሰባት እንዲህ ይላል፦ «አንድ ሳሙና ተፈቅፍቆ፣ በጥቂት ውሃ ቀልጦ፣ በሌላ ሳጥን ተገልብጦ ቢረጋ የደረሰበት ለውጥ ምን ዓይነት ነው? ምክንያቱን ግለጹ።» የሳሙናዎቹን ነገር ምንም ሳላውቅ፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት ጥያቄ ነው። ከሃምሳ አንዱ አርባ ሦስቱ በትክክል መልሰዋል። አካላዊ ለውጥ ነው፤ ሳሙናው ያው ሳሙና ነው ብለዋል። ጠያቂዋማ ምን ብላ ብትጽፍ ጥሩ ነው? «ሳጥኑ የማን እንደሆነ ሳሙናው አያውቅም።» ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አርባ ሦስት ልጆች ያለፉትን ፈተና አስተማሪያቸው ወደቀች።

ይቅርታ እማዬ። ያን ቃል የተናገርኩበትን አፌን ብችል በሳሙና አጥበው ነበር። አንቺ ከአይጥና ከዝናብ ያዳንሽውን እኔ አፈሰስሽው አልኩሽ። ቁርስ ሳልበላ የሄድኩት ተናድጄ ሳይሆን አፍሬ ነው። ዓይንሽን ማየት አቅቶኝ ነበር።

ግን እውነቱን ላውጣው። የሳሙናው ነገር ሰበብ ነበር። የፈራሁት ስለ ሳሙናው አይደለም፣ ስላንቺ ነው። ሳሙና ቢቀልጥ ሳሙና ነው፤ እሱን ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስረዳለሁ። አንቺ የዚያ ሰው ሚስት ብትሆኚ ግን የአባዬ ሚስት የነበረችው ሴትዮ የት ትሄዳለች? ቤት ስመጣ በር የሚከፍቱልኝ ሁለት ሰዎች ይሆናሉ፤ እኔም እንግዳ እሆናለሁ። «ግቢ፣ ምን ይምጣልሽ» የምባልበት ቤት ይሆናል። ይህን መፍራት በዚህ ዕድሜዬ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ።

በእኔ ምክንያት እምቢ ማለትሽን ስሰማ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ አላለኝም። ጫንቃዬ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለኛል። እሺ በይ እንዳልልሽ ደግሞ አፌ አልታዘዘኝም። ንገሪኝ፤ እማዬ፣ ይህ በአንቺ ላይ የሚደርሰው ለውጥ የትኛው ነው? ያው ትሆኛለሽ ወይስ ሌላ?

ልጅሽ

መጋቢት 14

የኔ ዓለም፣

ደብዳቤሽን ሱቅ ደርሼ ስመለስ በር ሥር አገኘሁት፤ የገዛሁትን ሁሉ መሬት አስቀምጬ ቆሜ አነበብኩት። ጎረቤት ሰላም ቢለኝ አልሰማሁም፤ ኮርታለች እየተባልኩ ነው።

ቁርጡን ልንገርሽ። ያው አልሆንም። አንቺን ለማስደሰት «ምንም አልለወጥም፣ እንደ ሰም ቀልጬ እንደ ሰም እረጋለሁ» ብልሽ እዋሽሻለሁ፤ ዋሽቼሽ ምን እንደመጣ ደግሞ አይተናል። እኔ ሰም ሆኜ አላውቅም።

አባትሽን ሳላገባ በፊት የነበረችውን ሴት አንቺ አታውቂያትም። ሳቋ ሰፈር የሚያውክ፣ የሳሙና ሽታ የማትወድ፣ ሞራ ስታይ አፍንጫዋን የምትይዝ ልጅ ነበረች። አባትሽ መጣ፤ ያቺ ልጅ ቀረች። ከዚያ አንቺ ተወለድሽ፤ ከዚያም በፊት የነበረችው እንቅልፍ የምትወድ ሴትዮ ቀረች። አባትሽ ሲሞት ደግሞ ሌላ ሆንኩ። ያቺን ሌላዋን አንቺም ታስታውሻታለሽ፤ ስድስት ወር ሙሉ ድስት ያልጣደችውን። ታዲያ በእያንዳንዱ ጊዜ እናት ጠፋብሽ? አልጠፋብሽም። «እማዬ» ስትይ አቤት ያልኩሽ እኔ ነኝ።

ሞራው ሳሙና ከሆነ በኋላ ተመልሶ ሞራ አይሆንም፤ ልክ ነሽ። ግን ሳሙናው ውስጥ ሞራው የለም ወይ? አለ እንጂ! እንደ ድሮው ባታይውም አለ። ማንም መጥቶ ሊያወጣው አይችልም። አባትሽ እኔ ውስጥ ያለው እንደዚያ ነው። የማማስልበት እጄ ውስጥ አለ፤ ምላሴ ላይ የምቀምስበት ውስጥ አለ፤ ስቆጣ የማወጣው ድምፅ እንኳ የእሱ ነው። ይህን የትኛውም አናጢ በመላጊያ ልጎ አያወጣውም። አናጢው ራሱም ይህን ሊያወጣ አልሞከረም። የአባትሽን ነገር ሳወራ እርሳሱን እያሽከረከረ ያዳምጠኝ ነበር፤ አንድ ቀን «ደግ ሰው ነበር» አለ፤ ሳያውቀው። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

ዕድሜዬንም አትርሺ። ድስቱ የሁለት ሰው ድስት ነው። ከአባትሽ ጋር አንዱን ጆሮ እሱ አንዱን እኔ ይዘን እናወርደው ነበር። አሁን የምሠራው ግማሽ ድስት ነው፤ ሙሉውን ካስቀመጥኩ ማንሳት አልችልም። ሥራውስ ቀስ ብሎ ይደርሳል። የሚከብደው ቀኑ ነው፤ አንድ የሚያስቅ ነገር አያለሁ፣ ዞር እላለሁ፣ የምነግረው ሰው የለም። ለአንቺ እጽፈዋለሁ ብዬ እቀመጣለሁ፤ እስክጽፈው ድረስ ማሳቁን ይተዋል።

እንግዳ እሆናለሁ ያልሽው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ልጄ ቤቴ ውስጥ እንግዳ ከሆነች ባልም ሳሙናም ይቅርብኝ። ቃል ብገባልሽም ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ለአናጢው እምቢ ማለቴን አልለወጥኩትም። አንቺ ብቻ ክፉ ቃል ተናገርኩ እያልሽ አትብሰልሰዪ። እኔ የወለድኩትን አፍ አውቀዋለሁ።

እናትሽ

ሚያዝያ 6

እማዬ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ሳበቃ ወደ ክፍል ገባሁና ያላዘጋጀሁትን ትምህርት አስተማርኩ። ከሱቅ ሚዛን ተዋስኩ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ኮምጣጤ ጨመርኩ፤ የመጋገሪያ ሶዳ በወረቀት ጠቅልዬ ከትቼ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁና መዘንኩት። ከዚያ ነቀነቅኩት። ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ተነሳ፣ ፈላ፣ ጠርሙሱ ጠጠረ። ልጆቹ ጮኹ፤ ጠያቂዋ ሊፈነዳ ነው ብላ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ሲረጋጋ እንደገና መዘንኩት። ያው ነው እማዬ፤ ቅንጣት አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ኮምጣጤው ኮምጣጤ አይደለም፣ ሶዳውም ሶዳ አይደለም። የገባው ግን አንዱም ሳይጎድል ውስጡ አለ።

ይህን ሕግ አምስት ዓመት ተምሬዋለሁ፣ ሁለት ዓመት አስተምሬዋለሁ። አንቺ በሞራና በአመድ ውሃ እስክትነግሪኝ ድረስ ግን ለሰውም እንደሚሠራ አልገባኝም ነበር። ለካ መምህርቷ አንቺ ነሽ፤ እኔ ጠመኔ ያዥ ነኝ።

እሺ እማዬ። እሺ ብያለሁ። ከንፈሬን ነክሼ አይደለም፤ እየሳቅሁም አይደለም፣ አልዋሽሽም። ትንሽ ፍርሃት አሁንም አለ። ግን ሳቂታዋን ልጅ ሳላውቃት መቅረቴ ቆጨኝ። ቀሩ ካልሻቸው ሴቶች አንዷ እንኳ ተመልሳ ብትመጣ፣ ለሚያስቅ ነገር ዞር ስትይ የምትነግሪው ሰው ብታገኚ፣ እኔ ማን ሆኜ ነው የምከለክለው?

እምቢ ያልሽው በእኔ ምክንያት ነው። ስለዚህ ያበላሸሁትን እኔው ላስተካክል። ለአናጢው ለብቻቸው ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ በሱቃቸው አድራሻ ልኬዋለሁ። ምን እንደጻፍኩ አትጠይቂኝ። በእኔና በእሳቸው መካከል ነው።

ልጅሽ

ሚያዝያ 29

ልጄ፣

አንቺ ልጅ፣ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽለት?

ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል፤ ፖስታውን በሁለት እጁ ይዞታል። አሳየኝ ብለው ወደ ኪሱ ከተተው። ለምኜው እምቢ፣ ተቆጥቼው እምቢ። «የእኔ ነው» አለ። ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር። ሌሊቱን ሲያነበው እንዳደረ አስታወቀበት። እኔም እንደ ኮረዳ እጄን የሥራ ጓንቴ ውስጥ አስገብቼ አወጣሁት፤ የምይዘው ጠፍቶኝ።

«እንግዲህ?» አልኩት።

«እንግዲህማ እሺ ብላለች» አለ።

«እኔስ? እኔን አትጠይቀኝም?»

እርሳሱን አወረደ። «አንቺንም እየጠየቅሁ ነው» አለ። እኔም እሺ አልኩት፤ ይኸው ነው፤ ሠርግም ሆነ ጭፈራ የለም። ፊርማው ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አንቺ ስትመጪ ነው። ያለ አንቺ አንድ ፊደል አልፈርምም ብያለሁ፤ እሱም ያንኑ ብሏል።

ከዚያ ደስ ብሎን ሻይ የምንጠጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ተነስቶ ወደ አንቺ ክፍል ሄደና ደፍ ላይ ቆመ፤ አልገባም፤ ከውጭ አየው። «ይህ አልጋ የሕፃን ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሆነሽ አባትሽ የገዛልሽ ነው፤ ጥር ላይ እግርሽ በጫፉ ሲወጣ አይቼ ዝም ብዬ ነበር። «እኔ ዕቃዬን ወደዚህ ቤት የማስገባው የእሷ አልጋ ካለቀ በኋላ ነው» አለኝ። ዛሬ ጣውላ መርጧል። ከሱቁ ውስጥ ካለው ሁሉ ደህናውን፤ ለደንበኛ አስቀምጦት የነበረውን።

ቁመቷ ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ልጄ፣ ስንት ጊዜ አቅፌሽ፣ ስንት ቀሚስ ሰፍቼልሽ፣ ቁመትሽን በቁጥር እንደማላውቀው የዚያን ጊዜ ገባኝ። እዚህ ድረስ ናት ብዬ በእጄ አሳየሁት። በእጅ አልሠራም አለ። ስለዚህ ተለክተሽ ቶሎ ጻፊልኝ፤ ሰውዬው ጣውላው ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው።

እናትሽ

ግንቦት 11

እማዬ፣

ቁመቴን አልልክም። የሂሳብ አስተማሪው ሜትር ይዞ መጥቶ ነበር፤ መለስኩት።

ጣውላውን እንዳይቆርጡት ንገሪያቸው። ሰኔ 30 እመጣለሁ፤ ቁርስም እቤት እበላለሁ። ያኔ ጋሼ ራሳቸው ይለኩኛል።

ልጅሽ